ምዕራፍ ስድስት፦ ሐረግን ከመሬት ወደ ሸክላ ስለ ማዛወር

የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተራራ ተነሥቶ በየካ በኩል ቁልቁል እየወረደ ወደ አቃቂ፣ በአቃቂም በኩል ወደ አዋሽ ሲጓዝ በግራና በቀኙ የሚያልፋቸው አሮጌ ግቢዎች፣ የቤታቸው አሠራርና የአጥራቸው ዐይነት ልዩ ልዩ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም ከአጥሩ ሥር ወይም ከበሩ መቃን አጠገብ በቅሎ፣ ግንዱ ከዓመት ዓመት እየወፈረ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይዞ የሚኖር አንድ ሐረግ መኖሩ ነው። በአንዱ ግቢ ጠምበለል፣ በሌላው ቡገንቪሊያ፣ በሦስተኛውም ወይን ይሆናል። ማን እንደ ተከለው የሚያስታውስ ሽማግሌ ባይገኝ እንኳ፣ በጥላው ሥር ቡና ሲፈላ፣ ማኅበር ሲጠጣ፣ ልጅም ሲዳር የኖረ ተክል ነውና የቤቱ ታሪክ ያለ እርሱ አይነገርም።

ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ግን የከተማችን አኗኗር መልኩን እየለወጠ መጥቷል። ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የገባው ቤተ ሰብ ብዙ ነው፤ በቅርብ ዓመታትም የመንገዱ ኮሪደርና የወንዙ ዳርቻ ልማት የቀበናን ገጽ ሲያድስ፣ ብዙ ነዋሪ ዕቃውን ጭኖ ወደ የካ አባዶና ወደ ሌሎችም አዳዲስ መንደሮች ተጕዟል። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ረከቦቱ ሳይቀር ሲጫን፣ ሐረጉ ግን ሥር ሰድዷልና አይነሣም ተብሎ ይተዋል፤ ወይም በመጨረሻው ቀን በዶማ ተመንግሎ፣ ሥሩ ተራግፎ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ይሄድና በሳምንቱ ደርቆ ይጣላል። እኔ የምለው፣ ሐረግ ይነሣል፤ በበረንዳ ላይ በሸክላ ወይም በበርሜል ተተክሎም ለብዙ ዘመን ያብባል። ነገር ግን የፍጥረቱን ሥርዐት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሥርዐቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጠቃለል ነው፦ ተዛውሮ የሚሞት ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በጥም ስለ ሆነ፣ የአዛዋሪው ጥበብ ሁሉ ሥሩ የሚጠጣውንና ቅጠሉ የሚተፋውን ውሃ ማመዛዘን ነው።

የሥር ምሥጢር

ሐረግ ከመሬት በላይ ያለውን ገጹን ለሁሉ ይገልጣል፤ ሕይወቱን የሚጠብቅለት ክፍል ግን በጨለማ ውስጥ የተሰወረ ነው። ወፍራሞቹ ሥሮች ግንዱን አጽንተው ያቆማሉ፣ ስንቅም ያከማቻሉ፤ ውሃውን አብዝተው የሚጠጡት ግን በቀጫጭኖቹ ሥሮች ጫፍ አጠገብ የሚበቅሉት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሕዋስ የወጡ፣ ዐይን በጭንቅ የሚለያቸው የሥር ጠጉሮች ናቸው። አንድ ለጋ ሥር ከእርጥብ አፈር ውስጥ ቀስ አድርጎ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያቀረበ ሰው፣ ነጩ ጫፍ ራቁቱን ሆኖ ከእርሱ ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ግን በአፈር ቅንጣት ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ ቢያራግፈው እንኳ አፈሩ በቀላሉ አይለቅም፤ ቅንጣቱን አቅፈው የያዙት ጠጉሮቹ ናቸውና። በውሃ ቢያጥበው ደግሞ አፈሩ ሲሄድ ጠጉሮቹም እየተቈረጡ አብረው ይሄዳሉ፤ ሥሩም ለዐይን የጠራና ያማረ፣ ለመጠጣት ግን አቅም ያጣ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ለንጽሕና ብሎ የሐረጉን ሥር አጥቦ የሚተክለው ይህን ባለማወቅ ነው።

የዚህ የተሰወረ ዓለም ስፋት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ፣ ሆዋርድ ዲትመር የተባለው አሜሪካዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1937 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አሳይቷል። ይህ ሰው ራይ የሚባለውን የስንዴ ዘመድ፣ ጎንና ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 55 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነ ሣጥን ውስጥ ለ4 ወር አሳድጎ ሥሩን ቢለካ፣ የአንዲቱ ተክል ሥር ሁሉ ተቀጣጥሎ 620 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚያደርሰው መንገድ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ የሥር ጠጉሮቹም ቍጥር 14 ቢሊዮን ገደማ ነበረ። ሐረግ ራይ አይደለምና ቍጥሩ እንዳለ አይወሰድለትም፤ ሥርዐቱ ግን የሁለቱም አንድ ነው፤ በዶማ አንድ ጊዜ ሲመታ የሚቈረጠው ከሚታየው እጅግ የበዛ ነው።

በሌላው ወገን ቅጠሉ አለ። ስቲቨን ሄልስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ በ1727 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፣ አንድ የፈረንጅ ሱፍ በሸክላ ተክሎ፣ ውሃው ከአፈሩ ፊት እንዳይተን የሸክላውን አፍ በቀጭን የእርሳስ ዝርግ ከድኖ፣ ጠዋትና ማታ በሚዛን እያኖረ ቢመዝነው፣ ተክሉ በአንድ ቀን ብርሃን ውስጥ በአማካይ ከግማሽ ኪሎ በላይ ውሃ በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይተፋ ነበር። እንግዲህ ጣሪያ የሸፈነ ሐረግ በስንት ሺሕ ቅጠል ስንት እንስራ ውሃ እንደሚተፋ አንባቢ በልቡናው ይገምተው። ሥሩ በተቈረጠበት ቀን ቅጠሉ እንዳለ ቢተው፣ ወጪው ሳይቀነስ ገቢው ይቋረጣልና ሐረጉ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ በልኩ ቢቀነስ ግን የተረፈው ጥቂት ሥር ለተረፈው ጥቂት ቅጠል ይበቃል።

የሐረጉን ባሕርይ ስለ ማወቅ

ቻርልስ ዳርዊን ታሞ በአልጋ ላይ በነበረበት ጊዜ በመስኮቱ አጠገብ ያሉትን ተንጠላጣይ ተክሎች ሲመረምር፣ ቢራ የሚጠመቅበት ሆፕ የተባለው ሐረግ ጫፉን በአየር ላይ እያዞረ ድጋፍ ፍለጋ በ2 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር እንደሚፈጽም አየ፤ በ1865 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናትም ተንጠላጣዮችን እንደ አወጣጣቸው ለይቶ መደበ። ምድቡን በአገራችን ዕፀዋት መመልከት ይቻላል። ጠምበለል በለጋ ግንዱ ራሱ በድጋፉ ላይ ይጠመጠማል፤ አዞ ሐረግ በቅጠሉ አገዳ ይይዛል፤ ወይንና ሐረግ ሬሳ እንደ ክር በቀጠነ እጃቸው ይጨብጣሉ፤ ቀጋና ቡገንቪሊያ ደግሞ በእሾኻቸው እየነከሱ በሌላው ላይ ይደገፋሉ። ይህን መለየት የሚጠቅመው በሸክላው ላይ ለሚቆመው ድጋፍ ነው፤ ለጠምበለል የቆመ ሽቦ ወይም ቀጭን እንጨት ይበቃዋል፣ አዞ ሐረግ የቅጠሉ አገዳ ሊዞርበት የሚችል ከጣት የቀጠነ ነገር ይፈልጋል፣ ቡገንቪሊያ ግን በራሱ ስለማይጠመጠም በሲባጎ እየታሰረ መመራት አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ለቀበና በረንዳ የምመርጠው ጠምበለልን ነው። በእንጦጦና በአካባቢው ከባሕር ዛፍ በተረፈው የጽድና የወይራ ደን ውስጥ የሚበቅል የአገሩ ልጅ ስለ ሆነ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለውን የሠፈሩን ብርድ ያውቀዋል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ሐመልማል የማይለየው ነው፤ እንቡጡ በውጭ ሮዝ ቀለም የነካው፣ ሲፈነዳ ነጭ፣ መዓዛውም ጣፋጭ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። የሳይንስ ስሙን በ1844 እ.ኤ.አ. ዴ ካንዶል በተባለው የስዊስ ሊቅ መጽሐፍ ሲያገኝ፣ የአቢሲንያ ጃስሚን ተብሎ በአገራችን ስም ተጠርቷል። በተፈጥሮ ቦታው ለማየት የሚሻ ሰው 705 ሄክታር ወደሚሰፋው ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ቢወጣ በዚያ ኮረብታ ላይ የእንጦጦን የጥንት ደን ዘር ያገኛል። የጠምበለል ሌላው ደግነት፣ ከአሮጌ ግንዱ ላይ እንደገና ማቈጥቈጡና ጎንበስ ብሎ መሬት የነካ አንጓው ሥር ማውጣቱ ነው።

ቡገንቪሊያ ግን የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ በአበባ ፈንታ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚታየን በጥቃቅኖቹ ነጫጭ አበቦች ዙሪያ ያለው ቅጠል ነው። ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ስለ ሆነ መነካካትን አይወድም፤ ስለዚህ እርሱን የሚያዛውር ሰው ሥሩን አቅፎ የሚነሣው የአፈር እብጥ እንዳይፈርስ ከሁሉ አብልጦ ይጠንቀቅ።

ጊዜውን ስለ መምረጥ

ለሁሉ ጊዜ አለው፤ ለሐረግም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከእንጦጦ የሚወርደው የሌሊት ብርድ አዲስ ሥር እንዳያድግ ያግደዋል፤ በየካቲት ፀሓዩ ይጠነክራል፣ አየሩም ይደርቃልና ቅጠሉ አብዝቶ ይተፋል። መልካሙ ወራት ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ዝናሙ አፈሩን አርሶ፣ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን፣ እስከ ሐምሌ ገብርኤል ድረስ ያለው ነው። በዚህ ወራት አየሩ እርጥብ ስለ ሆነ ትነቱ ይቀንሳል፤ አፈሩም ገና ስላልበረደ ሥሩ ቶሎ ያቈጠቍጣል። መስቀል ደርሶ ፀሓዩ ሲመለስ ሐረጉ አዲሱን ዕቃውን ለምዶ ይቆየዋል። ከሐምሌ ገብርኤል በኋላ በውሃ ከጠገበ ጭቃ ውስጥ የሚደረግ ቁፋሮ ግን አይመከርም፤ እብጡ ይፈርሳል፣ የተዳጠውም ጭቃ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራልና።

ግን የሰኔው ሥራ የሚጀመረው በመጋቢት ነው። የበልጉ ዝናም ሲነካው፣ ከግንዱ ዙሪያ በአካፋ ስለት ግማሹን ክብ ብቻ ቀጥ አድርጎ መቍረጥ፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ በግንቦት መድገም ይገባል። የክቡ ስፋት የግንዱን ውፍረት ከ10 እስከ 12 ጊዜ እጥፍ ይሁን፤ ግንዱ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ እብጡ ከዳር እስከ ዳር ከ30 እስከ 36 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የተቈረጠው ሥር ጫፍ በቅርቡ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል፤ እነዚህም በክቡ ውስጥ የሚቀሩ ስለ ሆኑ፣ ሐረጉ በሰኔ ሲነሣ ጠጪዎቹን ሥሮች ይዞ ይነሣል። ዝግጅት ሳይደረግለት የተነሣው ሐረግ ግን ጠጪዎቹን ከክቡ ውጭ ጥሎ፣ ወፍራሞቹን ተሸካሚዎች ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ሐረጉን ስለ ማንሣት

ከማንሣቱ በፊት ባለው ማታ መሬቱን ማጠጣት፣ በማለዳም ወይም ደመናው በከበደበት ሰዓት መጀመር ይገባል። መጀመሪያ መቀሱ ይሠራል፤ ጣሪያ የሸፈነውን ሐረግ ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ ላይ ቍጥቋጦ ሊያወጣ ከሚችል አንጓ በላይ መቍረጥ፣ የተረፈውንም ቅጠል ሲሶውን ብቻ መተው ነው። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው ልብ ይራራል፤ እናት የተከለችውን እንዴት እንዲህ እናራቁተው ይላል። ርኅራኄው የተገባ ነው፤ ነገር ግን ያልተቈረጠ ሐረግ በሸክላ ውስጥ ራሱ ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ስለሚወርድ፣ መቀሱን የሚፈራ ሰው ሐረጉን ለባሰ ቅጣት ያሳልፈዋል።

ከዚያ በኋላ ከተሠራው ክብ ውጭ ጉድጓድ ተቈፍሮ፣ እብጡ ከታች በአካፋ ይቈረጣል፤ እርጥብ ጆንያ ከሥሩ ገብቶ ዙሪያውን ተጠቅልሎ በሲባጎ ይታሰራል። ሲነሣም ሁለት ሰው ከጆንያው በታች ይዞ ያነሣዋል እንጂ በግንዱ አይጐተትም፤ ግንዱ ሲጐተት በእብጡ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበጠሳሉና። በአይሱዙ ተጭኖ የሚሄድ ከሆነ ነፋሱ ቅጠሉን እንዳያደርቀው በነጠላ ወይም በሸራ ይሸፈን።

ስለ ዕቃውና ስለ አፈሩ

ዕቃው ከእብጡ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ የማያንስ ይሁን። ሐረጉ ያድጋልና ብሎ ከመጀመሪያው እጅግ ትልቅ ዕቃ ማዘጋጀት አይገባም፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃውን የሚጠጣለት አጥቶ ይከረፋል፤ ሥሩም ወደዚያ ሲደርስ ይበሰብሳል። ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች የሚሠሩት አፈ ሰፊ ሸክላ ለዚህ ሥራ የተመረጠ ነው፤ ያልተለበጠ ሸክላ በጎኑ በኩል አየርና እርጥበት ያሳልፋልና። የሸክላ ዋጋ የከበደው ሰው የቀለም ባልዲ ወይም በግማሽ የተቈረጠ በርሜል ቢይዝም ነውር የለበትም፤ የቆርቆሮው ጎን ግን በፀሓይ ስለሚግል በአሮጌ ጆንያ ቢለበስ መልካም ነው።

የዕቃው ታች አውራ ጣት የሚያሳልፉ ሦስት አራት ቀዳዳዎች ይኑሩት። በቀዳዳው ላይ አፈሩ እንዳይፈስ ጎበጥ ያለ ገል ይደፋበታል፤ ይኸውም ይበቃል። ብዙዎች ውሃው እንዲወርድ ብለው ከታች ጠጠር ያነጥፋሉ፤ ይህ ግን ከታሰበለት ተቃራኒውን ያደርጋል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር የሚወርደው ደቃቁ አፈር ፈጽሞ ከጠገበ በኋላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዘወትር ረግረግ ሆኖ የሚኖረው የአፈር ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል፤ ጠጠሩም ሥሩን ወደዚያ ረግረግ ከፍ አድርጎ ከማቅረብ በቀር ጥቅም የለውም። ጥልቅ ዕቃ ከጠፍጣፋ ዕቃ የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ረግረጉ ከታች ሲቀር ሥሩ ከላይ ይተነፍሳል።

አፈሩ የግቢው አፈር ብቻ አይሁን። ዋልካ በዕቃ ውስጥ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀይ አፈርም ብቻውን በውሃ ብዛት ይጠቀጠቃል። ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ ፈጽሞ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ተቀላቅሎ ይበቃዋል። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖር ግን የክብደት ነገር አለ፤ አንድ ሊትር እርጥብ አፈር ከ1 ኪሎ ተኩል ስለማያንስ፣ 60 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ብቻውን 90 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በአሸዋው ፈንታ ቀላሉን ቀይ አሽ አድቅቆ መጨመር፣ ዕቃውንም ከበረንዳው ጠርዝ አርቆ ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ብልኅነት ነው።

ሐረጉ ሲተከል የግንዱ አንገት በግቢው ከነበረበት ከፍታ አይጥለቅ፤ አፈሩም ከዕቃው አፍ አራት ጣት ያህል ዝቅ ይበል፣ የሚጠጣው ውሃ የሚቆምበት ስፍራ ነውና። ድጋፉ የሚተከለው በዚያው ቀን፣ አፈሩ ሳይሞላ ነው፤ ኋላ የሚተከል እንጨት አዲሱን ሥር እየወጋ ይገባል።

ከተዛወረ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሐረጉ ብርሃን ባለበት ጥላ ይቀመጥ፤ የቀትር ፀሓይ አይንካው። ፍግ ተጨማሪ አይሰጠው፤ ሥር የሌለው ተክል ምግብ አይበላም። ውሃውን በተመለከተ የተወሰነ ቀን የለውም፤ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ አግብቶ መንካት፣ ከውስጥ ደርቆ ሲገኝ በታች እስኪፈስ ማጠጣት፣ ረጥቦ ሲገኝ መተው ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ሐረግ ሥሩን ወደ ላይ ያመጣል፤ ደኅና ጠጥቶ ጥቂት የሚጠብቅ ግን ወደ ታች ይሰድዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር እንደሚሆን ማሰብና የክረምቱን ውሃ ማጠራቀም ይጠቅማል፤ የአትክልት እጣቢም ይሆነዋል፣ ሳሙና የነካው ግን አይሁን።

በዕቃ ውስጥ የሚኖር ሐረግ የተወሰነ ርስት እንዳለው ገበሬ ነው፤ ርስቱ ካልታደሰለት ይደኸያል። ሥሩ ወደ ዳር ደርሶ መውጫ ሲያጣ በሸክላው ውስጥ ዙሪያውን ይጠመጠማል፤ ያን ጊዜ የጠጣው ውሃ ወዲያው በታች ይፈስሳል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ሰኔ ላይ ማውጣት፣ የዳሩን ሥር በስለት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል መላጨት፣ አዲስ አፈር ሞልቶ በዚያው ዕቃ መመለስ፣ ከላይም በዚያው ልክ መግረዝ ያስፈልጋል።

ያረጀ ሐረግ የሚዛወርበት መንገድ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ግንዱ ከአውራ ጣት እስከ እጅ አንጓ ለሚወፍር ሐረግ ነው። ግንዱ ከዚያ የበለጠ፣ ሥሩም በቤቱ መሠረት ሥር የገባ አሮጌ ሐረግ ግን ቢነሣ የመዳን ተስፋው ጥቂት ነው። ለእርሱ የተሻለው መንገድ ዕቃውን ወደ ሐረጉ ማምጣት ነው። ከግንዱ አጠገብ አፈር የተሞላ ሸክላ ይቀመጣል፤ ከታች የወጣ፣ እርሳስ የሚያህል የዓምናው ቍጥቋጦ ወደ ሸክላው ጎንበስ ይደረጋል፤ አፈሩን በሚነካው አንጓ ሥር ልጡ በስለት በጥቂቱ ይፋቃል፤ የተፋቀው ስፍራ በትንሽ ባላ ተቸንክሮ አራት ጣት ያህል አፈር ይለብሳል፣ ጫፉም በእንጨት ተደግፎ ወደ ላይ ይቀናል። ቍጥቋጦው ሥር እስኪያወጣ ድረስ ከእናቱ ግንድ ውሃና ምግብ እየተቀበለ ስለሚቆይ በጥም አይያዝም። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በቀስታ ሲሳብ እምቢ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከእናቱ ተቈርጦ ሸክላውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ልጅ ሐረግ ከዘር እንደ በቀለ አዲስ ተክል የሚለይ ጠባይ የለውም፤ ባሕርዩ የእናቱ ራሱ ስለ ሆነ ቅጠሉም፣ መዓዛውም፣ የሚያብብበትም ወራት ያው ነው። ከአንድ ግንድ ሦስት አራት ሸክላ ማዘጋጀት ስለሚቻል፣ በአንድ ግቢ አድገው ወደ ልዩ ልዩ መንደር ለሚበተኑ እኅትማማቾችና ወንድማማቾች ለየራሳቸው ይደርሳቸዋል።

ይህ ጥበብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አስቀድሞ ማሰብን ነው። መነሣቱን ከወራት በፊት ያወቀ ቤተ ሰብ ሣጥኑን ከማሰሩ በፊት አካፋውን ያንሣ፣ በመጋቢት ክቡን ይቍረጥ፣ ወይም ሸክላውን ከግንዱ ያስጠጋ። በሚመጣው ዓመት ለሚለቀቅ ቤት፣ የሐረጉ ሥራ የሚጀመረው ዘንድሮ ነው።